ሜዳው ሲርቅ ዋሽንግተን ሲቀርብ

አየር ጤና ካለ አንድ ግቢ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው ሲኖር ሻንጣ መመዘን የሚጀመረው ቀናት አስቀድሞ ነው። 23 ኪሎ የሚፈቀድለት ሻንጣ በበርበሬ፣ በሽሮና በዳቦ ቆሎ ይጠቀጠቃል፤ ሚዛኑ 25 ካሳየ ከሽሮው ይቀነሳል፣ በርበሬው ግን አይነካም። በረራው ማታ ቢሆንም ቦሌ ከከተማዋ ወዲያኛው ጫፍ ስለሆነ ከቤት የሚወጣው በጊዜ ነው።

አየር ጤናን ጨምሮ የኮልፌ አካባቢ ሰው አውሮፕላን ፍለጋ ይህን ያህል የማይጓዝበት ዘመን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ የአዲስ አበባ ማረፊያ ከጦር ኃይሎች ብዙም የማይርቀው ልደታ ነበር። ውቅያኖሱ ግን ገና የመርከብ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ፑሳን እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ያህል ባሕር ላይ ቆይቷል።

በ1954 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ኮልፌ የገቡት ኔልሰን ማንዴላ፣ በዚያው ዓመት ቀደም ብለው ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ በዚሁ አየር መንገድ ሲበሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው እንደደነገጡ በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል።

የልደታ ሜዳ ለጄት አጭር ነበር። ስለዚህ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ዎቹ ሥራ ጀመሩ፣ ማረፊያውም ከኮልፌ ወደ ምሥራቅ ሸሸ።

ትልቁ ቀን ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በርሮ ቦሌ ደረሰ፤ ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እስከዚያ ያልደረሰበት ርቀት ነበር። በጊዜው አትላንቲክን ማቋረጥ ባመዛኙ የባለሦስትና የባለአራት ሞተሮች ሥራ ነው፤ የአሜሪካ ደንብ ባለሁለት ሞተሩን ከአንድ ማረፊያ ከ60 ደቂቃ በላይ እንዲርቅ አይፈቅድለትም ነበር። ከሶሻሊስቱ ጎራ የተሰለፈው ደርግ አየር መንገዱን ከቦይንግ አለማፋታቱም የዚያን ዘመን ጉድ ነው።

ክብረ ወሰኑ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ እንጂ ሲሄዱ አለመመዝገቡ ያለ ምክንያት አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት፣ ክንፉም ድጋፍ ያጣል፤ ነዳጁን ሞልቶ፣ መንገደኛውንና ጭነቱን አሟልቶ መነሣት ይከብዳል። በዚያ ላይ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየነፈሰ ፊት ለፊት ይገፋል። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ከፍታ ላይ ነው፤ ነፋሱም ከኋላ ያግዛል።

መደበኛው የአሜሪካ በረራ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተጀመረ ወዲህም ይኸው ልዩነት አልጠፋም። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በቀጥታ ሲለኩ በ11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ሲሄዱ ግን እንደ ዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ወርዶ ነዳጅ መቅዳት ስላለ ጉዞው ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሲመለሱ 13 ሰዓት ያህል ይበቃል፤ የተለመደው “መሄዱ ቀላል፣ መመለሱ ከባድ” እዚህ ተገልብጧል።

አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ለአዲስ ማረፊያ ተመርጧል። ከፍታው ሲቀንስ አውሮፕላኑ የበለጠ ነዳጅ ይዞ ይነሣል። የአየር ጤናው ተጓዥ ግን ከተማዋን አቋርጦ ሲያበቃ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጨመርበታል።