እምቦጭን ከኩሬ ማስወገድና መከላከል፤ በሁምቦና በአባያ ሐይቅ አካባቢ

እምቦጭ መነሻው የደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ የሆነ፣ በውኃ ላይ ተንሳፎ የሚኖር መጤ አረም ነው። ቅጠሉ ክብና አንጸባራቂ ሲሆን የቅጠሉ አንገት በአየር የተሞላና ያበጠ ነው። ሐምራዊ አበባው ዓይን ይማርካል፤ ወደ ብዙ አገሮች የገባውም በዚሁ ውበቱ ምክንያት ነው። ዛሬም አበባውን ወድዶ ወደ ግቢ ይዞ መሄድ አረሙን በገዛ እጅ እንደማሰራጨት ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ መኖሩ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ መከሰቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አባያ ሐይቅም ከወረራው አላመለጠም። የሁምቦ ቆላማ ክፍል ወደዚሁ ሐይቅ የሚያዘቀዝቅ በመሆኑ፣ ዝናብ ሲያጥር ለከብት መጠጥና ለጓሮ አትክልት የሚያገለግሉት የአካባቢው ኩሬዎች ለአደጋው ተጋልጠዋል። ከሐይቁ በወጣ የዓሣ መረብ ወይም ከዳርቻው ታጭዶ በመጣ ሣር ውስጥ የተሸሸገ አንድ ተክል ለወረራ በቂ ነው።

አረሙ አመቺ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ በእጥፍ ይጨምራል። የውኃውን ገጽ ሲሸፍን ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ ዓሣዎች ይታፈናሉ፤ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችም መጠለያ ያገኛሉ። በቅጠሉ አማካይነት የሚተነው ውኃ ከክፍት ገጽ ከሚተነው ስለሚበልጥ፣ የበጋው ውኃ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ያልቃል።

በጣና በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የተጀመረው አገር አቀፍ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ማሰለፉ፣ አረሙ ከተስፋፋ በኋላ ሥራው ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ያሳያል። ኩሬ ግን ዳር ዳሩ በዓይን የሚታይ በመሆኑ በጊዜ ከተደረሰበት ጥቂት ሰዎች ያጸዱታል። ተመራጩ ወቅት ውኃው የሚቀንስበት በጋ ሲሆን፣ አረሙ ሳያብብ መንቀሉ ይበጃል። ተክሉ ከነሥሩ በእጅ ወይም በመንሽ ተጎትቶ ይወጣል። ማጨድ ብቻውን አይበጅም፤ የቀረው ክፍል እንደገና ያቆጠቁጣልና። የወጣው አረም ጎርፍ ከማይደርስበት ደረቅ ቦታ ላይ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መቆየት አለበት። በኩሬው ጠርዝ መከመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ወደ ውኃው የሚገቡ ሰዎች ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ፤ በአባያ ዳርቻ የሚሠሩ ደግሞ ከአዞና ከጉማሬ ይጠንቀቁ።

በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አረሙን የሚመገቡ ጥንዚዛዎች ተለቀው ውጤት አስገኝተዋል። ይህ ዘዴ ግን ጊዜ የሚወስድና የባለሙያ ክትትል የሚሻ በመሆኑ ለትንሽ ኩሬ አይመከርም። ፀረ አረም ኬሚካል ደግሞ ሰውና ከብት በሚጠጡት ውኃ ላይ ፈጽሞ ሊረጭ አይገባም።

አረሙን የሚያደልበው ከማሳና ከተራቆተ ተዳፋት ታጥቦ የሚመጣ አፈርና ፍግ ነው። ሁምቦ በዚህ ረገድ መልካም ተሞክሮ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥራ ኅብረተሰቡ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ላይ የነበሩ ጉቶዎችን ተንከባክቦ ደኑን መልሷል። በኩሬ ዙሪያ የሣር መከለያ መትከልና ከብቶችን ከውኃው ውጭ በገንዳ ማጠጣትም የዚሁ ጥበቃ አካል ነው።

የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የጸዳ ኩሬ በተለይ ከዝናብ በኋላ በየሳምንቱ ሊታይ፣ አዲስ የበቀለውም ወዲያው ሊነቀልና ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ሊነገር ይገባል።