ቀላድ በርስት አገር፦ የንጉሠ ነገሥቱ የውስጥ ጥገናና የጎጃም ገበሬ

ናፖሊዮን ቦናፓርት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1799 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ የተረከባት ፈረንሳይ ዐሥር ዓመት በአብዮት የታመሰች፣ ካዝናዋ የተራቆተ፣ መንግሥቷና ቤተ ክርስቲያኗ የተኳረፉ አገር ነበረች። በጦር ሜዳ ያተረፈው ዝና ለሥልጣን አበቃው፤ ሥልጣኑን ያጸናለት ግን የጽሕፈት ቤት ሥራው ነው። በጥር 1800 የፈረንሳይ ባንክ ተቋቋመ። በተከታዩ ወር በየክፍለ አገሩ ከፓሪስ የሚሾምና ከፓሪስ ብቻ የሚታዘዝ ፕሬፌ የተባለ ባለሥልጣን ተመደበ። በ1801 ከሮማው ጳጳስ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ በ1804 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ።

ከእነዚህ ሁሉ በእኔ ግምት ከባዱን ሚዛን የሚደፋው የመሬት ጉዳይ ነው። አብዮቱ በ1789 የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወርሶ በጨረታ ሸጦት ነበር። የገዛው ሰው ግን ንጉሡ ቢመለስ ወይም ካህኑ ቢያወግዘው መሬቱን እንደሚነጠቅ ይሠጋል። በስምምነቱ 13ኛ አንቀጽ ጳጳሱ እነዚህን ገዢዎች ላይነኩ ቃል ገቡ፤ ሕጉም የግል ባለቤትነትን የሥርዓቱ ምሰሶ አደረገው። በ1807 መንግሥት የአገሩን መሬት ማሳ በማሳ አስለክቶ በካርታ ለማስፈር ሲነሣ ዓላማው ግብር እንደነበረ ከማንም አልተሸሸገም። ሥራው እስከ ምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ቢንዛዛም ገበሬው በጥቅሉ ተቀበለው፤ ቀያሹ ግብር ሲጥልበት ስሙንም ከማሳው ጋር በመንግሥት መዝገብ ያሰፍርለት ነበርና።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ወደ ሥልጣን ያመጣቸው መፈንቅለ መንግሥት ነው፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ። (ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ታሪክ ዘመናት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕገ መንግሥት፣ ደመወዝተኛ ሹም፣ በመጨረሻም የፍትሐ ብሔር ሕግ፦ መሣሪያዎቹ እጅግ ይመሳሰላሉ። በጎጃም የታየው ውጤት ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። ጥገናው መሳፍንቱን ለመስበር በቃ፤ ከአዴት እስከ ቡሬ፣ ከሞጣ እስከ ብቸና ባለው ባለ ርስት ገበሬ ፊት ሲደርስ ግን ተሰናከለ። ምክንያቱን ከመሬት ልኬቱ ላይ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ።

መሳፍንቱን የመስበሩ ነገር በአጭር ሊነገር ይችላል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሹመትና ሽረትን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አጠቃለለ። በተከታዩ ዓመት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ግዞታቸው አምልጠው ሲያዙ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በማስመለጡ ሤራ እጃቸው አለበት ተብሎ ተፈረደባቸው፤ ታሰሩ፣ ሀብታቸውም ተወረሰ። በምትካቸው የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ዘመድ ራስ እምሩ ተሾሙ። እንዲህ ሆኖ ጎጃም ከተወላጅ ባላባት ወጥቶ ከማዕከል በሚላክ እንደራሴ ሥር ገባ። ቁርሾው ግን አልሻረም፤ በ1928 ከጣሊያን ጋር በተደረገው ጦርነት መካከል የራስ ኃይሉ ወገን ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፈቱ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱት በዚያው በጎጃም በኩል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው ገቡ፤ በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። አምስት ዓመት በዱር የከረመው የጎጃም አርበኛ ምሽጉን የሚያስለቅቀው መንግሥት የራሱ መስሎት ነበር። በነሐሴ 1934 የወጣው የአስተዳደር ደንብ ግን ጠቅላይ ገዢውን፣ የአውራጃና የወረዳ ገዢውን ሁሉ ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ አደረገ፤ ሹም በራሱ ስም ግብር መብላቱ፣ የግል ጦር ማቆሙ ቀረ። የናፖሊዮን ፕሬፌዎች ይህን ደንብ ቢያነቡት ባዕድ አይሆንባቸውም ነበር። ደጃዝማች የተባሉት አርበኛው በላይ ዘለቀም ከዚህ አዲስ ሥርዓት ጋር ሳይስማሙ ቀርተው በጥር 1937 በስቅላት ተቀጡ።

የመሬቱ ነገር ግን ሌላ ነው። በጎጃም ርስት የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ዘር የሆነ ሁሉ፣ በወንድም በሴትም መስመር ቢቆጥር፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። አንድ ገበሬ በእናቱም በአባቱም፣ በአያቶቹም በኩል በበርካታ ቦታ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ይሳካለት አይሳካለት የሚወሰነው በሙግት ችሎታው፣ በወገኑ ብዛትና በሽማግሌዎች ቃል ነበር። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እንዳሳየው፣ ሥርዓቱ ከውጭ ለሚያየው የተወሳሰበ ቢመስልም ለድሃውም ለሀብታሙም የተስፋ በር ክፍት ያደርግ ነበር። ዛሬ መሬት ያነሰው ነገ ተሟግቶ ሊያገኝ ይችላላ!

በዚህ ሥርዓት ላይ ቀላድ የተባለውን የመሬት መለኪያ ገመድ መዘርጋት ምን ማለት እንደሆነ የጎጃም ገበሬ ያውቅ ነበር። በደቡብ ቀላድ በተጣለበት አገር ከልኬቱ የተረፈው መሬት ለመንግሥት ሆኖ ለሹምና ለወታደር ሲታደል፣ ነባሩ ባለቤት በራሱ አባት መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ሲቀር ወሬው ዐባይን ተሻግሯል። ስለዚህ የ1934ቱ የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ሲጥል ጎጃም አሻፈረኝ አለ። ጋሻ የሚለው ቃል ልኬትን ያስከትላልና። መንግሥት አፈገፈገ፤ በ1937 በወጣው አዋጅ ጎጃም፣ ትግራይና በጌምድር በጋሻ ከመከፈል ወጥተው ከጦርነቱ በፊት በነበረው ግብር ላይ ዐሥራት ብቻ ተጨመረባቸው። ማዕከላዊው መንግሥት አንድን ግብር ለመሰብሰብ ሲል የመሬቱን ስፋትም ሆነ የባለ መሬቱን ስም ሳያውቅ ለመቀጠል ተስማማ ማለት ነው። ለዘመናዊ አስተዳደር ከዚህ የባሰ ሽንፈት ምን አለ?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጉዳይ ከናፖሊዮን ጋር ያለውን ዝምድና የሥጋ ያደርገዋል። በ1952 ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 የጸናውን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በ3347ኛው አንቀጽ ሕጉ የሸፈናቸውን ጉዳዮች የሚመለከት የቀድሞ ልማድ ሁሉ ተሻረ። በደጋ ዳሞት ግን ተሟጋቹ የዘር ሐረጉን እየቆጠረ መከራከሩን አላቋረጠም። የፈረንሳዩ ሕግ ገበሬው አስቀድሞ በእጁ ያስገባውን መሬት አጸናለት፤ የእኛው ግን ገበሬው በማያውቀው የባለቤትነት ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ስለመጣ ጎጃም ውስጥ የሚያጸናው ነገር አላገኘም።

ፈተናው በ1960 መጣ። በዚያ ዓመት ኅዳር የወጣው አዋጅ ዐሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ጣለ። በወረቀት ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል። ገቢ ለመገመት ግን ገማች ኮሚቴ ማሳው ድረስ መሄድ፣ የያንዳንዱን አራሽ ስምና ምርት መመዝገብ አለበት። ለጎጃም ገበሬ ይህ ቀላድ በሌላ ስም ነበር። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሸዋ የተላኩ መሆናቸውና በሌላም መዋጮ መጠላታቸው ነገሩን አባባሰው። ሞጣና ብቸና ሸፈቱ፤ ዐመፁ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ዳሞት ተዛመተ። መንግሥት ጦር ላከ፣ ከአየርም ደበደበ። ገበሬው አልተመለሰም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተዛወሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጎጃም ድረስ መጡ፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይተገበር ቀረ።

ዐመፁን የኋላ ቀርነት ወይም የባላባት ቅስቀሳ ውጤት አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ባላባቶች አልነበሩበትም ለማለት አይደለም። ነገር ግን ራስ ኃይሉ ሲታሰሩ ያልተነሣ አገር ስለ ግምት ኮሚቴ መነሣቱ የገበሬው ሒሳብ የራሱ እንደነበረ ያስረዳል። መንግሥት የጠየቀው ግብርንና ዕውቀትን ነው፤ በምላሹ ለገበሬው ያጸናለት አንዳች መብት አልነበረም።

ርስትን በሕግ የሻረው ንጉሠ ነገሥቱን የተካው የደርግ አዋጅ ቁጥር 31 የካቲት 25 ቀን 1967 ወጣ፤ መሬትንም የሕዝብ አደረገ። የይልማና ዴንሳ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገበሬ ማሳው በስሙ ተመዝግቦ ደብተር የተሰጠው የአማራ ክልል የይዞታ ምዝገባ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ነው። ደብተሩም የሚያረጋግጥለት ይዞታን እንጂ ባለቤትነትን አይደለም።