የጅማ ሙቅ ውሃ፦ ሂሳቡን የከፈለው ማን ነው?

ባለፈው በዓል ጅማ ስገባ እናቴን ያገኘኋት ከቆጣሪው ሥር ቆማ ነው። በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው መነጽሯን ይዛ ቁጥሩን ታነባለች። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣ «ይኼ ቦይለር ከሰው በላይ ይበላል» አለችኝ።

ቦይለሩ ባለ 80 ሊትር ነው። አባቴ በ1997 ዓ.ም. ቡና ተሸጦ ገንዘብ ቤት ውስጥ በነበረበት ሰሞን የገዛው ነው። ሲገጠም ትዝ ይለኛል፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ የቧንቧውን ውሃ በጣቱ እየነካ ይስቅ ነበር። አሁን ደግሞ እናቴ የምትጠይቀኝ፣ «ነቅለን ጥለን የፀሐዩን እናስገባ ወይስ እንተወው?» ብላ ነው። እኔ ከባድ ጥያቄ ሲመጣብኝ ታሪክ ውስጥ መሸሸግ ልማዴ ነው (ወዳጆቼ ይህን በሽታዬን ያውቁታል)። ስለዚህ መልሱን ከመስጠቴ በፊት እስቲ ወደኋላ ልሂድ።

ሸክሙ በማን ጀርባ ነበር?

አያቴን «አኮ» እንላት ነበር። አጋሮ አጠገብ ባለው ቤቷ ሙቅ ውሃ የቅንጦት ነገር አልነበረም፤ የግዴታ ነገር ነበር። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። አራስ ሴት በሙቅ ውሃ ትታጠባለች። በታኅሣሥ ብርድ ለሱብሂ የሚነሳ ሽማግሌ ለውዱእ ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይቀርብለታል። ሰው ሲሞትም መጀመሪያ የሚጣደው ውሃ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ የሚሞቀው በሦስት ጉልቻ ላይ፣ ተጎንድሎ በደረቀ የቡና እንጨት ነበር።

ሦስት ጉልቻ ደግሞ አባካኝ ነው። ከእንጨቱ ሙቀት ወደ ድስቱ የሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ሌላው ግድግዳ ያጠቁራል፣ ዓይን ያስለቅሳል። አንድ ሰው የሚታጠብበትን 20 ሊትር ውሃ ለብ ለማድረግ ብቻ ከአንድ ኪሎ በላይ ደረቅ እንጨት ይነዳል። ስድስት ሰው ላለበት ቤት ይህን በሳምንት አባዙትና እንጨቱን በጀርባችሁ ተሸከሙት።

በአባ ጅፋር ዘመን ይህን የሚሸከመው ማን እንደነበር ደግሞ ብዙ ጊዜ አናነሳም። ሁለተኛው አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ጅሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥታቸውን እንጎበኛለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው ግዛታቸውን ከጦርነት ማዳናቸውንም እናደንቃለን። ሊደነቅም ይገባል። ነገር ግን ከኮረብታው ግርጌ የነበረው የሕርማታ ገበያ ቡና፣ ማርና ዝባድ ብቻ አይሸጥበትም ነበር፤ በደቡብ ምዕራብ ከታወቁት የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። በባለጸጎች ቤት እንጨት የሚለቅሙትና ውሃ የሚቀዱት እነዚያ የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ያኔ ሙቅ ውሃ የቧንቧም የቆጣሪም ጉዳይ አልነበረም፤ ባለቤቱ ሳይነሳ የሚነሳ ሰው ጉዳይ ነበር።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበረች። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ መሬት ራሱ ያሞቀውን ውሃ አግኝተዋል፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚያ ውሃ ሰበብ ነው። ግን ፍልውሃ ወጥ አይሠራም። ከተማው ለምግቡና ለቤቱ በጥቂት ዓመታት ዙሪያውን ያለውን ዛፍ ጨረሰ፣ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ሐሳብ እስከመነሳት ተደረሰ፣ በኋላ የታደገው ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ጅማዎች እንዲህ ያለ ፍል ውሃ ከተማችን መሐል የለንም፤ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ወሊሶ ላይ እስክንደርስ መጠበቅ አለብን። ጫካው ግን ስለነበረን አልጨነቀንም። አለመጨነቃችንም ዋጋ አስከፍሎናል፤ ዛሬ የበለጠና የጌራን ደን ለማትረፍ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከነዋሪው ጋር የተሠራውን ሥራ ያየ ይመሰክራል።

ባኞ ቤት፣ ፎርኔሎ፣ ቦይለር

ቃላቶቻችን ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። «ባኞ ቤት» የምንለው ከጣሊያን ነው፤ «ፎርኔሎ»ም እንዲሁ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ ነበርና ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም እስካሁን አብሮን አለ። «ሻወር» እና «ቦይለር» ከእንግሊዝኛ በኋላ የመጡ ናቸው። አያቴ ሦስቱንም ቃላት ታውቃለች፤ አንዳቸውንም ግን በቤቷ አላየችም።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም «መብራት» የሚለው ቃል ለብዙ ጊዜ ትርጉሙ አልተዛባም፤ መብራት ብቻ ነበር። ማታ ጥቂት አምፖል ለማብራት በሚሠራ ጄኔሬተር ውሃ ማሞቅ ማንም አያስብም።

እኔ ብዙ ክብደት የምሰጠው ግን ለሌላ ሰነድ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 47/1967። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ። ስለ ሙቅ ውሃ አንድ ቃል አይናገርም። ነገር ግን በዚህ አዋጅ ብዙው የከተማ ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ፤ ኪራዩ ርካሽ፣ ቤቱ የማንም። የማይወርሰው ጣሪያ ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው ደግሞ የለም። ቆርቆሮው ቢያፈስ እንኳ ሥሩ ሳፋ ይደረጋል እንጂ አይለወጥም። ኋላ ላይ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የሚባል ነገር ሲመጣ የሚሰቀልበት ጣሪያ ባለቤት አልነበረውም። «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» የሚሉን ባለሙያዎች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

በነገራችን ላይ፣ ኃይል ቆጣቢነት የሚባለው ነገር ወደ አገራችን የገባው በመታጠቢያ ቤት በኩል ሳይሆን በማድ ቤት በኩል ነው። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ፣ ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ፣ በኋላም ትክክል የሚባለው። ላቀች ከሰሉን በሩብ ያህል፣ ምርጥ ደግሞ ማገዶውን እስከ ግማሽ ቀነሱ። ስማቸው ማስታወቂያ ቢመስልም ሥራቸው እውነት ነበር፤ አኮም በመጨረሻ ዘመኗ የገላዋን ውሃ የምትጥደው ላቀች ላይ ነበር።

ግድቡ የኛ፣ መስመሩ የአዲስ አበባ

በ1996 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ አንድ ተመረቀ። ከጅማ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት። ከአሰንዳቦ ወዲያና ወዲህ በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ የተኛውን ውሃ አይቶታል። ለዚያ ውሃ ቦታ ለመልቀቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ተነስተዋል። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መስመር ገብቶ አብዛኛው ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ከተነሱት ብዙዎቹ ግን ውሃቸውን በእንጨት ማሞቃቸውን ቀጠሉ።

አባቴ ቦይለሩን የገዛው በማግሥቱ ነው። ምክንያት ነበረው። ያኔ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለዝቅተኛ ተጠቃሚ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ብዙ ለሚያቃጥለውም 70 ሳንቲም አይሞላም። ይህ ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ እስከ 2011 ዓ.ም. አልተነካም። 80 ሊትር ውሃ ከቧንቧው ቅዝቃዜ ተነስቶ 60 ዲግሪ ለመድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አስሉት፤ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማይሞላ። ሁልጊዜ ተሰክቶ ሲውል ማንም ሳይታጠብ በጎኑ የሚያባክነው ሙቀትም በቀን ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ ግን በዚያ ዋጋ ማን ይቆጥረዋል?

ርካሽ ኃይል ፀሐይን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው አይደለም። በአሜሪካ ክላረንስ ኬምፕ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያውን እ.ኤ.አ. በ1891 አስመዝግቦ ነበር። ዊልያም ቤይሊ እ.ኤ.አ. በ1909 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማጠራቀሚያውን ከማሞቂያው ለይቶ ሙቀቱ እንዲያድር አደረገ፤ ዛሬ በየሆቴሉ ጣሪያ የምናየው ሐሳብ ያ ነው። በሺዎች ሸጠ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ አካባቢ የተፈጥሮ ጋዝ በብዛት ተገኘ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ፀሐዩም ተረሳ። እስራኤል ውስጥ የሆነው ተቃራኒው ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነዳጅ አጥሮ መንግሥት በሌሊት ውሃ ማሞቅን ከለከለ፤ ሌቪ ይሳር የሚባል መሐንዲስ የፀሐይ ማሞቂያ ሠርቶ ገበያ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች ሁሉ እንዲኖራቸው በሕግ ተደነገገ።

እኛም እጥረቱን አይተነዋል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በተራ ሲጠፋ የነበረበትን ጊዜ የማያስታውስ አለ? ቦይለሩ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመጣል፤ እናቴ ወደ ላቀች ተመለሰች። በጥር 2002 ዓ.ም. 420 ሜጋ ዋት ያለው ጊቤ ሁለት ተመረቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው 26 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ዋሻው ከፊሉ ተናደና ለወራት ቆመ። መንግሥት በዚያ ሰሞን በሚሊዮን የሚቆጠር ቆጣቢ አምፖል ለሕዝብ አደለ፤ ጥሩ ሥራ ነበር። አምፖል ግን በቤታችን ከሚበላው ትንሹ ነው፤ ትልቆቹ የእንጀራ ምጣድና ቦይለር ናቸው። ያ አጋጣሚ የሙቅ ውሃንም ጉዳይ ሳይነካ አለፈ፤ በኔ ግምት ካመለጡን ዕድሎች ትልቁ ያ ነው። ከዚያ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋቱን ይዞ መጣ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋቱን ይዞ ተመረቀ፤ «ኃይልማ ሞልቷል» ተባለ።

ዋጋው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየደረጃው አደገ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለአራት ዓመት በየጊዜው የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ተጀመረ። ብዙ የሚጠቀም በከፍተኛው ዋጋ ይከፍላል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው። በእናቴ ግቢ ግን ሦስት ተከራዮች አሉ፤ ቆጣሪው አንድ ነው። አራት ደሃ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲደመር እንደ አንድ ሀብታም ይቆጠራል።

ቡና እስኪሸጥ

ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። የፀሐዩ ማሞቂያ ጅማ ላይ ይሠራል ወይ? ከጥቅምት እስከ ግንቦት በደንብ። በክረምት ግን የጅማን ሰማይ ታውቁታላችሁ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ የምትመጣው ለሰላምታ ነው። ስለዚህ ለደመናው ቀን የሚያግዝ የመብራት ማሞቂያ አብሮት መኖር አለበት። ውሃውም ከላይ መውረድ አለበት፤ ቧንቧው በሳምንት ጥቂት ቀን በሚመጣበት ሰፈር መጀመሪያ ከፍ ያለ ማማ ላይ ሮቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዕቃው ዋጋ ጋር ተደምሮ ሂሳቡ ሲመጣ እናቴ መነጽሯን አወለቀች።

እዚህ ላይ ነው የቡና አገር ጠባይ የሚገባው። ቦይለር በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይበላል። የፀሐዩ ማሞቂያ የአሥር ዓመት ሂሳብ በአንድ ቀን ክፈል ይላል። በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጎማ ገንዘብ የሚገባው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው፤ እሸቱ ሲለቀም ወይም ጀንፈሉ ደርቆ ሲሸጥ። በዚያች ሰሞን ሠርግ አለ፣ የልጅ ትምህርት አለ፣ የቆርቆሮ ለውጥ አለ፣ ዕዳ አለ። የቡና ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሰረዘው ጣሪያ ላይ የሚወጣው ነገር ነው። የወር ደሞዝተኛ ላለበት ከተማ የተሰላ ብድር እዚህ አይሠራም፤ በታኅሣሥና በጥር የሚከፈል ብድር የሚያመጣ ሻጭ ቢገኝ ግን እናቴ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ትሆናለች።

«እንግዲህ ቡናው ይሸጥና እናያለን» አለች። ሦስቱ ተከራዮችስ ያዋጣሉ ወይ ስላት፣ «ነገ ለሚለቁት ቤት ምን ብለው?» አለችኝ። አዋጅ 47 ትዝ አለኝ፤ ዝም አልኩ።

እስከዚያው የቻልኩትን አደረግሁ። ቦይለሩን ከፍቼ ሙቀቱን ከ75 ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ አደረግሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ብቻ እንዲበራ ተስማማን፤ ለሱብሂ ትነሳለችና መለኮሱ አይከብዳትም። የሚቀጥለው ወር ሂሳብ ቀንሶ እንደመጣ በስልክ ነገረችኝ። የቸገራት አንድ ተከራይ ናት። ነርስ ነች፤ ሌሊት ሠርታ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባ ውሃው በሌሎቹ አልቋል። መጀመሪያ ተቆጣች፤ «እኔም እኩል ነው የምከፍለው» አለች፤ እውነቷን ነው። አሁን እናቴ ሌሊት ከቦይለሩ ሁለት ፔርሙዝ ቀድታ በሯ ላይ ታስቀምጥላታለች፤ ልጅቷም በሳፋ ቀላቅላ ትታጠብበታለች።