የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኢንተርኔት፤ ስለ መጀመሩና ስለ መጽናቱ

ትምህርት ቤት ማቋቋምና ትምህርት ቤትን ማኖር ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን የለጋስ ሰው ስጦታ ወይም የመንግሥት ድጎማ ሊፈጽመው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የሚፈተነው ስጦታው ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ አጭር ጥናት፥ በአሜሪካ አገር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ትምህርት ለመስጠት ከተቋቋሙት ቀደምት ድርጅቶች የሁለቱን ታሪክ እንመረምራለን። እንዴት ተጀመሩ? የመነሻው ገንዘብ ባለቀ ጊዜስ በምን ኖሩ? ጥያቄው ለአገራችንም የቀረበ መሆኑን በመጨረሻው ላይ እናመለክታለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ተማሪና አስተማሪ ፊት ለፊት ሳይገናኙ መማር ከኢንተርኔት በፊትም የነበረ ነገር ነው። በ1923 በሚሺጋን ግዛት የቤንተን ሃርበር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በራሱ መምህራን ሊያስተምር ያልቻለውን የሙያ ትምህርት በፖስታ እያስመጣ ለተማሪዎቹ መስጠት ጀመረ። ትምህርቱ በፖስታ ይምጣ እንጂ ተማሪው የሚያጠናው በትምህርት ቤቱ ውስጥ፥ በመምህር ተቆጣጣሪነት ነበር። በ1929 ደግሞ የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የተልእኮ ትምህርትን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማቅረብ ያዘ፤ ጥቂት ተማሪ ያለው የገጠር ትምህርት ቤት ለየትምህርቱ ልዩ መምህር ለመቅጠር አቅም አልነበረውምና። ከዚህ የምንረዳው፥ ትምህርቱ ከሩቅ ቢመጣም ተማሪውን በቅርብ የሚያይ ሰው እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መታወቁን ነው።

ከሁለቱ ድርጅቶች አንደኛው ሲጀመር ቨርቹዋል ሃይ ስኩል ይባል ነበር። በ1996 የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በማሳቹሴትስ ግዛት ለሚገኘው ለሀድሰን ከተማ የትምህርት አስተዳደር ለአምስት ዓመት የሚሆን 7.4 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፤ ኮንኮርድ ኮንሶርሺየም የተባለው ድርጅትም የሥራው ተባባሪ ሆነ። ትምህርቱ በ1997 ተጀመረ። አሠራሩ የአገራችንን ወንፈል ይመስል ነበር። አንዱ ገበሬ ለባልንጀራው አርሶ በተራው እንደሚታረስለት፥ አባል የሆነው ትምህርት ቤትም አንድ መምህሩን ለአንድ የኢንተርኔት ክፍል ያውል ነበር፤ በለውጡም 20 ያህል ተማሪዎቹ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ከሚያቀርቡት ትምህርት መርጠው ይማሩ ነበር። መምህሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የማስተማሩን ዘዴ ራሱ በኢንተርኔት ይማር ነበር፤ በየትምህርት ቤቱም ተማሪዎቹን የሚከታተል ኀላፊ ይመደብ ነበር። በ2001 ድጎማው ሲያበቃ ድርጅቱ ለትርፍ የማይሠራ ነጻ ድርጅት ሆኖ ከአባል ትምህርት ቤቶች በሚሰበሰብ ክፍያ መኖር ጀመረ። ትምህርት ቤቶቹ ለመክፈል የፈቀዱት፥ ባለፉት ዓመታት መምህራኖቻቸውን ሰጥተው ሥራውን የራሳቸው ስላደረጉት ይመስለናል።

ሁለተኛው የፍሎሪዳ ቨርቹዋል ስኩል ነው። ይህ በ1997 የተጀመረው በኦሬንጅና በአላቹዋ አውራጃዎች ትብብር ሲሆን፥ መነሻው ከግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት የተሰጠ 200,000 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገበው 77 ብቻ ነው። በ2000 የግዛቱ ምክር ቤት ራሱን የቻለ የትምህርት ድርጅት አደረገው፤ በ2003ም ከግዛቱ መደበኛ የትምህርት በጀት ድርሻ እንዲያገኝ ተፈቀደ። ነገር ግን ገንዘቡ የሚከፈለው ለተመዘገበው ሳይሆን ትምህርቱን በሚገባ ለፈጸመው ተማሪ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ተማሪውን ቸል ሊል አልቻለም፤ መምህራኑ ወደ ተማሪዎቹና ወደ ወላጆቻቸው በየወሩ ስልክ እንዲደውሉ ደንብ ወጣ። ሆኖም በ2013 የበጀቱ አከፋፈል በሕግ ሲለወጥ የተመዝጋቢው ቁጥር ቀነሰ፤ ብዙ ሠራተኞችም ተሰናበቱ።

ሁለቱንም መንገዶች ያለ ነቀፋ ልናልፋቸው አንወድም። ወንፈል የሚሆነው በሬ ላለው ነው፤ መምህር የሌለው ወይም ክፍያውን የማይችል ትምህርት ቤት ከማኅበሩ ውጭ ይቀራል። ለፈጸመ ብቻ መክፈልም መምህሩን ማርክ እንዲለግስ ሊፈትነው ይችላል፤ የ2013ቱ ነገር ደግሞ በአንድ የበጀት ሕግ ላይ የተንጠለጠለ ትምህርት ቤት ሕጉ ሲነካ እንደሚናወጥ ያሳያል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የመነሻውን ገንዘብ በቋሚ ገቢ ተክተዋል፤ ሁለቱም መምህሩን የሥራው ባለቤት አድርገዋል።

በአገራችን በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይገባል። በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ የነበረው ትምህርት ለከተማውም ለገጠሩም ተማሪ አንድ ዓይነት በመሆኑ፥ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ ለእኩልነት የታሰበ ነበር ማለት እንችላለን። ነገር ግን ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ የሚታየው አስተማሪ ቆሞ አይመልስለትም ነበር፤ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ ያልፈው ነበር፤ በክፍል ውስጥ የቆመው መምህርም የቀረችለት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረች። በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ በቴሌቪዥን የተሰጠው ትምህርት መብራትና ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ሊገባ አልቻለም።

እንግዲህ ከእነዚህ ታሪኮች የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የኢንተርኔት ትምህርት ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ፥ የኮምፒዩተሩን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ድጎማው ባለቀ በማግሥቱ ደመወዙን ማን ይከፍላል? ተማሪው ሲሰንፍ ወይም ሲቸገር በቅርብ የሚያየው ማን ነው? የትምህርት ቤቱ መምህርስ በሥራው ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ የተከፈተ ትምህርት በዓመቱ አጋማሽ ቢዘጋ፥ ለጋሹ የሚያጣው ገንዘቡን ነው፤ ተማሪው ግን ዓመቱን ያጣል።