አንድና ዜሮ

ለመሆኑ ለመቁጠር አሥር ምልክት የግድ ያስፈልጋልን? ጀርመናዊው ፈላስፋ ጎትፍሪድ ላይብኒትስ አያስፈልግም ባይ ነበር። በ1703 እ.ኤ.አ. ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ማንኛውም ቁጥር በ1 እና በ0 ብቻ ሊጻፍ እንደሚችል አሳየ። ሁለት 10፣ ሦስት 11፣ አራት 100 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ቦታ በስተቀኙ ካለው እጥፍ ዋጋ አለውና።

ሐሳቡ ግን ቶሎ ሥራ አላገኘም። ላይብኒትስ ራሱ በ1679 በኳስና በቀዳዳ የሚሠራ የሁለትዮሽ ማስሊያ ቢያልምም፣ ያሠራው መሣሪያ የሚያሰላው በአሥሩ ምልክት ነበር። የአንድና የዜሮ ረጅም ሰልፍ ለሰው ዓይን አድካሚ ነው።

ለኤሌክትሪክ ግን ይህን የመሰለ የሚመች ነገር የለም። መብራት ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል፤ አሥር ዓይነት ድምቀት ለይ ቢባል ግን ስሕተት ይበዛል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1854 አስተሳሰብን በ1 እና በ0 ያሰላበትን አልጀብራ፣ አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1937፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ከኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር አገናኘው። በ1941 ደግሞ የኮንራድ ዙሰ ዜድ 3 በርሊን ላይ በሁለትዮሽ አሰላ። እንዲያም ሆኖ በ1946 አሜሪካ ለሕዝብ ያሳየችው ግዙፉ ኤኒያክ ገና በአሥሩ ምልክት ይሠራ ነበር፤ ልማድ በቀላሉ አይለቅም።

በ1999 ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ ሲሰጥ የ«ሀ» መለያ ቁጥር 4608 ሆነ፤ በሁለትዮሽ 1001000000000። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ የቆየው ሐሳብ እነሆ ዛሬ «ሀ ሁ»ን ተሸክሟል። እንግዲህ «ምን ይጠቅማል?» ብለን አንድን ሐሳብ ከመጣላችን በፊት ጥቂት እንታገሥ።