ሌፕቶስፓይሮሲስ (በውሻ)

ሌፕቶስፓይራ በተባለ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ በሽታ። በሰው ላይ የሚታየውን ከባድ መልኩን ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ቫይል በ1886 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ባክቴሪያው በአይጥ፣ በከብትና በውሻ ሽንት ይወጣል፤ በእርጥብ አፈርና በቆመ ውሃ ለሳምንታት ይቆያል፤ በቁስል፣ በአፍ ወይም በዓይን ይገባል። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በሚያልፍበት የአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አሳሳቢው ጊዜ ክረምት ነው፦ የተደፈነ ቱቦ፣ ቆሻሻ ውስጥ የሚርመሰመስ አይጥ፣ ከመንገድ ኩሬ የሚጠጣ የግቢ ውሻ።

የታመመ ውሻ ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ምግብ ይተዋል፤ ሲብስ ድዱና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ ኩላሊቱ ይደክማል። ቢጫነቱን አይቶ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ መተው ውሻውን ማጣት ሊሆን ይችላል፤ ዶክሲሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚያድነው ቶሎ ሲጀመር ነው። ክትባቱ በመጀመሪያ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሰጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሌፕቶስፓይሮሲስን አይከላከልም። የታመመን ውሻ ሽንት ያለ ጓንት አለመንካት፣ የውሻውን ምግብም አይጥ በሚደርስበት ቦታ አለማሳደር ያስፈልጋል።