ሕግ፣ ፍትሕና መብት፤ የሕግ ንድፈ ሐሳብ ቃላት በአማርኛ

የሕግ ተማሪ ትምህርቱን ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «ሕግ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው የፈላስፎች ቢሆንም ለተርጓሚም ይደርሰዋል፤ ተማሪው ሊከራከር የሚችለው በቋንቋው ባሉት ቃላት ነውና። ይህ ጽሑፍ የሦስት ዋና ዋና ቃላትን አመጣጥ በአጭሩ ካመለከተ በኋላ አንድ የትርጉም ችግር ለውይይት ያቀርባል።

«ፍትሕ» ፈትሐ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ግሡም መፍታትንና መፍረድን በአንድነት ይይዛል። እንግዲህ ፈራጅ ማለት የተቋጠረውን ነገር የሚፈታ ማለት ነው። ቃሉን በሕግ ዘንድ ያጸናው ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አስ ሳፊ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካዘጋጀው ድርሰት ወደ ግዕዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ሥጋዊውን ነገር የሚመለከተው ክፍል ከሮማና ከቢዛንታይን ሕግ ብዙ ወስዷል። ስለዚህ የሮማ ሕግ ሐሳብ ወደ አገራችን የገባው የ20ኛው መቶ ዓመት የሕግ መጻሕፍት ከመታወጃቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው።

«ሕግ» በሊቃውንት ትምህርት ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪትና ሕገ ወንጌል ተብሎ ይከፈላል። ሕገ ልቡና በጽሑፍ ሳይሰፍር ሰው በሕሊናው የሚያውቀው ነው። በመሆኑም በዚህ ትምህርት ሕግ የነጋሢ ትእዛዝ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1832 ሕግን የበላይ ገዢ ትእዛዝ ነው ብሎ ሲተረጉም፣ የእርሱ ሐሳብ ለእኛ ሕግ ከሚለው ቃል ይልቅ አዋጅ ለሚለው ይቀርባል።

«መብት» ደግሞ ከግዕዙ መባሕት ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የመባሕት ፍች ሥልጣን ወይም ፈቃድ ነው። ፈቃድ ሰጪ አለው፤ ሰብአዊ መብት የምንለው ግን ሰጪ የለውም፤ ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚይዘው ነው። ቃሉ ሳይለወጥ በውስጡ ያለው ሐሳብ ተገለበጠ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዣን ግራቨን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውንና 3367 አንቀጾች ያሉትን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቁ። ፈረንሳይኛ «ድርዋ» በሚለው አንድ ቃል ሕግንም መብትንም ሲጠራ፣ የተደነገገውን ሕግ ለብቻው «ልዋ» ይለዋል። አማርኛ መብትን ከሕግ ይለያል፤ ነገር ግን ድርዋንና ልዋን በአንድነት «ሕግ» ይላቸዋል። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ በአማርኛ የሚሟገተው ምሩቅ ይህን ልዩነት የሚገልጥበት ቃል በትምህርት ቤት አላገኘም።

ጉዳቱ በምሳሌ ይታያል። በናዚ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ መምህርነቱ የተባረረው ጀርመናዊ ጉስታቭ ራድብሩኽ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ጽሑፍ፣ የተደነገገ ሕግ ፍትሕ ቢጎድለውም እንኳ በመሠረቱ ይጸናል፤ ከፍትሕ ጋር ያለው ተቃርኖ ሊታገሡት ከማይቻል ደረጃ ሲደርስ ግን ለፍትሕ ሊለቅ ይገባል ሲል አስተማረ። ጀርመንኛው የተደነገገውን «ጌዜትስ»፣ ሕግን በጠቅላላው «ሬኽት» ይላል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ሕግ» ቢላቸው «ይህ ሕግ ሕግ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወጣል፤ አንባቢም ክርክሩን ትቶ ተርጓሚውን ይታዘባል።

ስለሆነም ለጌዜትስና ለልዋ «ድንጉግ ሕግ» ብንል፣ ለሬኽትና ለድርዋም «ሕግ»ን ብናስቀር ይሻላል። «ድንጋጌ» ብቻውን አይበቃም፤ በዛሬው የሕግ አጻጻፍ ነጠላ አንቀጽን ያመለክታልና። «የተፈጥሮ ሕግ» የሚለውን በተመለከተ፣ የፊዚክስ መምህሩም ስለሚጠቀምበት ያሻማል። «ሕገ ልቡና» አያሻማም፤ ይሁን እንጂ የሃይማኖት ትምህርትን ይዞ ይመጣል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ለስያሜ፣ ሁለተኛውን ለማብራሪያ ማድረግ ይበጃል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና የሰጠው ለአማርኛው ቅጂ ነው። ስለዚህ ቃል መራጩ ጸሐፊ ብቻ አይደለም፤ ሳያውቀውም ቢሆን ከዳኛው ጋር አብሮ ይፈርዳል።